የሚፈራ ሕዝብ እንዴት ይፈጠራል? ከጅብ የተቀዳ የፋንታሲ ዘር፣ ደረጃ በደረጃ

ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ጅብ ይጮህ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ገደል አለ፤ ድምፁ ከዚያ ነው የሚነሳው። መጀመሪያ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። እናቴ ወዲያው በሩን ትቀረቅራለች። እኔ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ እስባለሁ። ጆሮዬን ግን አልሸፍንም። እየፈራሁም መስማት እፈልግ ነበር።

ይህ መመሪያ የተነሳው ከዚያ ስሜት ነው። ፋንታሲ፣ ማለትም በምናባዊ ዓለም የሚፈጸም ታሪክ፣ የሚጽፉ ወጣቶች አልፎ አልፎ ረቂቃቸውን ይልኩልኛል። የሚፈራው ፍጡር ሲመጣ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጥርስ፣ ደም፣ ቀይ ዓይን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስደነግጣሉ። አሥረኛው ገጽ ላይ ግን አንባቢው ለምዷቸዋል። እኔን አንድ ሕዝብ የሚያስፈራኝ የራሱ ሕግ ሲኖረውና በዚያ ሕግ ውስጥ ለእኔ ቦታ ሳይኖር ሲቀር ነው። ስለዚህ ሥራችን ሕጉን መፈለግ ነው።

እንደ ምሳሌ የጅብ ሰዎችን እንሠራለን። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ውስጥ ኖል የሚባል ፍጡር አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ጨዋታው መጀመሪያ ሲወጣ ኖል የኖም (የምድር ውስጥ ድንክ ፍጡር) እና የትሮል (ግዙፍ ጭራቅ) ድብልቅ ተብሎ ነበር የተገለጸው። በ1977 የጅብ መልክ ተሰጠው፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ግን በአንዳንዶቹ እትሞች ኖሎች የአጋንንት ውላጅ ተደርገው ተጽፈዋል። ይገድላሉ፣ ይበላሉ፣ በቃ። እናት የላቸውም፣ ዳኛ የላቸውም፣ የሚያፍሩበት ነገር የላቸውም። እኛ ጅብ ሲጮህ እየሰማን ያደግን ሰዎች ከዚህ የተሻለ መሥራት እንችላለን ብዬ አምናለሁ።

የእኔን ሕዝብ «ውሁፓ» ብዬዋለሁ። ስሙን ከጩኸታቸው ነው የወሰድኩት። ሰዎቹ ግን በዚህ ስም አይጠሯቸውም። ማታ ስማቸውን መጥራት ስለሚፈሩ «የማታ እንግዶች» ይሏቸዋል። ለእናንተም የመጀመሪያ ምክሬ ይኸው ነው፤ ሁለት ስም አውጡ። አንዱ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት፣ ሌላው የሚፈሩት ሰዎች የሚጠሩበት። ታሪኩ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው።

1. ፍርሃቱን በትኑት

«ጅብ ያስፈራል» ማለት አይበቃም። ምኑ ነው የሚያስፈራው? ወረቀት ያዙና ጻፉት። እኔ ስሠራ አምስት ነገር ወጣልኝ፤ ድምፁ፣ ጨለማው፣ አረማመዱ፣ አጥንት ሲሰብር የሚሰማው ቋ የሚል ድምፅ፣ መቃብር ይቆፍራል መባሉ።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት እውነቱን ጻፉ። አረማመዱን እንውሰድ። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» እንላለን። የጅብ የፊት እግሮች ከኋላዎቹ ይረዝማሉ። ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ ጤነኛው ጅብ ራሱ ሲራመድ ያነከሰ ይመስላል። ምሳሌው ይህን አየና ተንኮል ነው አለ። ፍርሃት እንዲህ ነው የሚሠራው። አካልን አይቶ ጠባይን ያነብባል።

ይህን በቀጥታ ለታሪካችሁ ተጠቀሙበት። በእኔ ታሪክ ሰዎቹ ውሁፓ እያነከሰ ሲመጣ «እያታለለን ነው» ብለው ጦር ያነሳሉ። እሱ ደግሞ በሰላም እየተራመደ ነው።

2. አካሉን ከእውነተኛው እንስሳ ቅዱ

አገራችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ ነው። በአብዛኛው ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መሮጥ ይችላል። ውሻ ይመስላል እንጂ በዝምድና ለድመትና ለጥርኝ ይቀርባል። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች። የትልቅ እንስሳ አጥንት ሰብሮ ይበላል፣ ሆዱም አጥንቱን ይፈጫል። ኩሱ የሚነጣው ከአጥንቱ በሚገኘው ካልሲየም ነው። ቀንድ፣ ፀጉርና ሰኮና ግን አይፈጭለትም፤ መልሶ ይተፋዋል። «ጅብ ቸኩሎ ቀንድ ነከሰ» ያለው ሰው ጅብን በደንብ የተመለከተ ሰው መሆን አለበት።

አሁን ይህን አካል በሁለት እግሩ አቁሙት። ዝም ብላችሁ የጅብ ራስ በሰው ትከሻ ላይ አትለጥፉ። የፊት እግሩ ረጅም ከሆነ እጁ ጉልበቱ ድረስ ይወርዳል። አንገቱና ትከሻው ወፍራም ነው፣ ወገቡ ቀጭን ነው። ወንበር ላይ መቀመጥ አይመቸውም። ስለዚህ ውሁፓዎች ወንበር የላቸውም። የተቀመጠ ሰው ሲያዩ የታመመ ይመስላቸዋል።

አንድ ደንብ ልስጣችሁ። ከእያንዳንዱ የአካል ክፍል ቢያንስ አንድ የኑሮ ልማድ አውጡ። መንጋጋው አጥንት ከሰበረ ቢላ ምን ያደርግለታል? ውሁፓዎች ቢላ የላቸውም። ምግብ በስለት መቁረጥ ለእነሱ የጥርስ አልባ ሽማግሌ ነገር ነው። አንድ ወጣት ሰው ፊት ለፊታቸው ሥጋ በቢላ ሲቆርጥ ሁሉም በሐዘን ያዩታል። ይህ ትንሽ ነገር ነው። ግን አንባቢው «እነዚህ ሌላ ሕዝብ ናቸው» የሚለው እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው።

3. ሆዳቸውን ተከተሉ

ማንኛውም ሕዝብ ምን እንደሚበላ፣ ከየት እንደሚያገኝ፣ መቼ እንደሚራብ ካላወቃችሁ ምንም አታውቁም።

ጅብ ጥምብ ብቻ ይበላል የሚለው እምነት ስህተት ነው። ሃንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በታንዛኒያ ሴሬንጌቲና ንጎሮንጎሮ ጅቦችን ሌሊት ሌሊት ተከታትሏል። አብዛኛውን ምግባቸውን ራሳቸው አድነው እንደሚበሉ አሳየ። እንዲያውም ንጎሮንጎሮ ላይ ጅቦች የገደሉትን አንበሳ መጥቶ ይነጥቃቸው ነበር። ጠዋት የመጣ ሰው ግን አንበሳው ሲበላ፣ ጅቦቹ ዙሪያውን ሲጠብቁ ያያል። ከዚያ ሌባው ማን ነው ይላል?

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ጅቡ ከሰው ጎን ነው የሚኖረው። መቐለ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን ገደማ የእንስሳት ጥምብና ተረፈ ሥጋ እንደሚያጸዱ ገምቷል። ከዚህም በላይ የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ነው። ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር መረመሩ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሰው ሥጋ አያርድም። ስለዚህ ለጅቡ የሚጣል የለም። በዚያ ጊዜ የአህያ ፀጉር ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኘ። ጾሙ ሲፈታ ቀነሰ። ሰው ሲጾም ጅቡ አህያ ያድናል ማለት ነው። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለው አባባል በጾም ወቅት ይበልጥ እውነት ይሆናል።

ይህን ሳነብ የታሪኬ የዘመን አቆጣጠር ተገኘ። ውሁፓዎች የራሳቸው በዓል የላቸውም። ዓመታቸውን የሚቆጥሩት በሰዎቹ ጾምና ፍስክ ነው። የሰዎቹ ጾም የእነሱ የረሃብ ወር ነው። ከከተማው ጋር ያላቸው ውል በየዓመቱ የሚፈተነውም በዚያ ወር ነው። ሰዎቹ ለነፍሳቸው ብለው በሚያደርጉት ነገር ጎረቤታቸው ይራባል። አንዱም ክፉ አይደለም። ፍርሃቱ ግን በየዕለቱ ይጨምራል።

እናንተም ለሕዝባችሁ የረሃብ ወር ስጡት። ታሪኩን እዚያ ወር ላይ ጀምሩት።

4. ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ ወስኑ

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ብትቆዩ አትጸጸቱም። እውነተኛው ጅብ ከማንኛውም ደራሲ የበለጠ አስቦበታል።

የጅብ መንጋ የሴቶች ነው። አንድ መንጋ አንዳንዴ 80 እና ከዚያ በላይ አባላት ይኖሩታል። ላይኛው ቦታ የአንዲት እናት ዘር ነው። ልጅ ከእናቷ ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ትወርሳለች። አሁን የሚያስደንቀው ይመጣል። ታናሽ እህት ስትወለድ ከታላቋ በላይ ትሆናለች። እናት የምትደግፈው ትንሿን ነውና። ደረጃው በጡንቻ አይያዝም፤ ጎንህ ማን ይቆማል በሚለው ነው የሚወሰነው።

እኛ ታላቅን እያከበርን ያደግን ነን። ታላቅ ወንድም ሲገባ ታናሽ ይነሳል። ውሁፓ ቤት ውስጥ ግን ታላቅ እህት ለታናሿ ትነሳለች። አንድ የሰው ልጅ እንግዳ ሆኖ ገብቶ ለአሮጊቷ ሰላምታ ቢሰጥና ሕፃኗን ቢዘላት ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ክብረ ነክ ነገር አድርጓል፣ እሱ ግን ጨዋ የሆነ መስሎታል።

ወንዶቹስ? ወንድ ጅብ ሲጎለምስ አብዛኛውን ጊዜ የተወለደበትን መንጋ ትቶ ይሄዳል። ሌላ መንጋ ውስጥ ሲገባ ከሁሉም በታች ነው። ከሕፃናቱም በታች። ዓመታት ጠብቆ ነው ቦታ የሚያገኘው።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። በጅቡ እንስቅበታለን። እኔ ግን ስለ ወንድ ጅብ ስደት ካነበብኩ በኋላ ተረቱን እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም። በእርግጥም ወደማያውቁት አገር ይሄዳል። በእርግጥም ቁርበት የሚያነጥፍለት የለም።

ከዚህ የሕዝቤ ትልቁ ሥርዓት ተወለደ። ከሌላ ዋሻ፣ ማለትም ከሌላ ቡድን፣ የመጣ ወንድ «ቁርበት የለሽ» ይባላል። ባዶ መሬት ላይ ይተኛል፣ መጨረሻ ይበላል፣ ሲያናግሩት ብቻ ይናገራል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ተነስታ ቁርበት ታነጥፍለታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ፊት «አያ» ይጨመርለታል። ሴቶቹ ከተወለዱ ጀምሮ «እመት» ናቸው። አያ ጅቦንና እመት ጦጣን በተረት የሚያውቅ አንባቢ እነዚህን ቃላት ሲያይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የቡድኑን መጠሪያ በጥንቃቄ ምረጡ። «ጎሳ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ብዙ ቁስል ያለበት ቃል ነው፣ አንባቢውን ወደ ሌላ ክርክር ይወስደዋል። «ዋሻ» ብያለሁ። የቀይ አፈር ዋሻ፣ የሾላው ዋሻ። እውነተኛው ጅብም ግልገሎቹን የሚያሳድገው በጋራ ጉድጓድ ነው። የውስጡ መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ ትልልቆቹ አይገቡበትም። ሕፃናቱ የራሳቸው የሆነ፣ አዋቂ የማያየው ዓለም አላቸው። ለልጅ ገጸ ባሕርይ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ስለ እናትነትም አንድ ነገር ልጨምር። ሴት ጅብ በአካሏ አፈጣጠር ምክንያት በጣም ተቸግራ ነው የምትወልደው፤ የመጀመሪያው ወሊድ በተለይ ለእናትም ለግልገልም አደገኛ ነው። ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ታጠባለች። ግልገሎቹ ዓይናቸው ተከፍቶ፣ ጥርስ አብቅለው ይወለዳሉ። መንትዮች ከሆኑ ወዲያው ይጣላሉ። ውሁፓዎች ስለዚህ የመጀመሪያ ወሊዷን ያለፈች ሴትን ከጦርነት እንደተመለሰ ጀግና ይቀበሏታል። ሰዎቹ ይህን አያውቁም። ከዋሻው የሚሰሙትን የደስታ ጩኸት የአደን ጩኸት ይመስላቸዋል።

5. ድምፃቸውን ስጧቸው

የጅብ ረጅሙ ጩኸት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል። የእያንዳንዱ ጅብ ጩኸት ይለያል። ሌሎቹ ማን እንደጮኸ ያውቃሉ። እኔ በልጅነቴ አስፈሪ ጩኸት ብዬ የሰማሁት ምናልባት «እኔ እገሌ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» የሚል ነበር።

«ሳቁ» ደግሞ ሳቅ አይደለም። ጅብ የሚስቀው ሲባረር፣ ሲነከስ፣ ሲጨነቅ ነው። የተጠቃው ነው የሚስቀው። ይህን አንድ እውነታ ብቻ ብትወስዱ ለአንድ ሙሉ ታሪክ ይበቃችኋል። ሰዎቹ የውሁፓን ሳቅ ሲሰሙ «ይሳለቅብናል» ይላሉ። እሱ ግን እየለመናቸው ነው።

ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ አንድ ሮማዊ ጸሐፊ ጅብ የሰው ድምፅ እየመሰለ እረኛን በስሙ ጠርቶ ያስወጣል ብሎ ጽፏል። ፍርሃቱ ያረጀ ነው ማለት ነው። በታሪካችሁ ውስጥ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። እኔ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ ውሁፓዎች የሰው ቋንቋ የሚማሩት ከግንብ ማዶ እያዳመጡ ነው። የተማሩት የመጀመሪያ ቃል ሁልጊዜ የሰው ስም ነው። እናቶች ማታ ማታ ልጆቻቸውን ሲጠሩ የሰሙት ነዋ። ስለዚህ ሰላም ለማለት ሲፈልጉ በስም ይጠራሉ።

ለሰላምታም እንዲሁ ከእንስሳው ተነሱ። ጅቦች ሲገናኙ እግራቸውን አንስተው ለአደጋ የተጋለጠውን የአካላቸውን ክፍል ለሌላው ጥርስ ያቀርባሉ። ዝቅ ያለው ቀድሞ ያነሳል። እኔ ይህን ለሰው ዓይን በሚስማማ መንገድ ቀየርኩት። ውሁፓዎች ሲገናኙ የእጃቸውን አንጓ በሌላው ጥርስ መካከል ያስገባሉ። ዝቅ ያለው ይጀምራል። አጥንት የሚሰብር መንጋጋ ውስጥ እጅህን ትተህ መቆየት፤ እምነት ማለት ለእነሱ ይህ ነው።

6. ሙታኖቻቸው የት ይሄዳሉ?

ይህን ክፍል አጭር አድርጉት፣ ግን አትዝለሉት። አጥንት የሚበላ ሕዝብ መቃብርን እንዴት ያየዋል? ለውሁፓ ሙት መቅበር ለምስጥ አሳልፎ መስጠት ነው። ዘመድን ብቻውን አፈር ውስጥ መጣል ነው። የእነሱን ሙት ራሳቸው ይበሉታል፤ በዝምታ፣ በደረጃቸው፣ ሕፃኗ እመት ቀድማ። ከሰው መቃብር ላይ ሲገኙም በእነሱ ዓይን የተጣለ ሰው እያነሱ ነው። ሰዎቹ ለዚህ ይቅር አይሏቸውም፣ እኔም በሰዎቹ አልፈርድም።

የሚምሉት በቀንድ ነው። ሆድ ያልቻለው ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ። ሆድ ያልፈጨውን ጊዜም አይፈጨውም ብለው ያምናሉ።

7. ከጎረቤት ጋር ያላቸውን ውል ጻፉ

ፈሪና ተፈሪ ጎን ለጎን ሲኖሩ መካከላቸው ውል ይኖራል። የተጻፈም ያልተጻፈም ይሁን።

ለዚህ ሐረር ሂዱ። መሄድ ካልቻላችሁ ስለ ሐረር አንብቡ። የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። ዩኔስኮም ከነከተማው እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ግንቡ የሰው በሮች ብቻ አይደለም ያሉት። ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎችም አሉት። ሌሊት ገብተው መንገዱን ያጸዳሉ። መጥፎ መንፈስንም ይበላሉ የሚል እምነት አለ። በዓሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብላቸዋል፣ አበላላቸው ታይቶም የመጪው ዓመት ዕድል ይነበባል። ከብዙ ዘመን በፊት በረሃብ ወቅት ከጅቦቹ ጋር ስምምነት ተደረገ የሚል ታሪክም ይነገራል።

አስቡት፤ ጠላትን ለመከላከል ግንብ ሠርተህ ለሚፈራው ጎረቤት ቀዳዳ መተው። በዚያች ቀዳዳ ውስጥ ፍርሃትም፣ ጥቅምም፣ አክብሮትም አለ።

ውላችሁን ስትጽፉ አራት ነገር ወስኑ። ማን ለማን ምን ይሰጣል? በየትኛው ቀን? ማን ያየዋል? ውሉ ቢፈርስ መጀመሪያ የሚሞተው ማን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ የመለሰ ደራሲ ታሪኩን አግኝቷል።

8. በወንፊት አሳልፉት

ይህን ክፍል እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ።

በመጀመሪያው ረቂቄ ውሁፓዎች ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። ከከተማው ውጭ ለብቻቸው ይኖራሉ፣ ቀን ብረት ይሠራሉ፣ ሌሊት ያድናሉ። ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ረቂቁን ለአንድ ጓደኛዬ ሰጠሁት። አያቱ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። አንብቦ መለሰልኝ፣ ምንም አላለም። ቆይቶ ብቻ «አያቴን ነው የጻፍከው» አለኝ።

ልክ ነበር። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ከመቃብር ሬሳ ያወጣሉ ተብሏል። የተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚል ወሬ ለዘመናት ተወርቷል። በጎንደር አካባቢ በብረትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ይህ ስም ተለጥፎባቸው ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ እስራኤል ውስጥ ይኖራሉ፣ ትልልቆቹ ግን ስድቡን አልረሱትም። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ያስፈለገው ስድቡ ስለነበረ ነው። ማረሻውን፣ ምጣዱን፣ ጀበናውን የሠራልን ሰው ከማዕድ ተለይቶ ኖረ። የታመመ ልጅ ሲኖር ጣት የሚቀሰረው ወደ እሱ ነበር።

እኔ ሳላውቀው ያንን ስድብ ጥርስ አብቅዬለት መልሼ ጽፌው ነበር። ረቂቁን ቀደድኩት። ጓደኛዬን ይቅርታ ጠየቅሁ።

ስለዚህ ወንፊቱ ይህ ነው። የፈጠራችሁትን ሕዝብ ባሕርያት በሙሉ ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ አጠገብ «ይህ በእውነተኛ ሰዎች ላይ ተብሎ ያውቃል?» ብላችሁ ጻፉ። ሙያው፣ አነጋገሩ፣ አለባበሱ፣ ሰፈሩ፣ ምግቡ፣ ደሙ። ተብሎ ካወቀ አውጡት። ወይም ሐሰት መሆኑን ታሪኩ ራሱ ያሳይ። ሁለቱንም ካላደረጋችሁ ስድቡን እናንተ ናችሁ ያስቀጠላችሁት።

በጨዋታው ዓለምም ይኸው ጥያቄ ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የዚያ የጠረጴዛ ጨዋታ አሳታሚ እንደ ኦርክና ድራው ያሉ የጨዋታው ምናባዊ ዘሮች ሲወለዱ ጀምሮ ክፉ ተደርገው መጻፋቸውን እንደሚቀይር በይፋ አሳውቋል። «በዘሩ ክፉ ነው» የሚለው ሐረግ ከተረት ወጥቶ ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚያደርግ እኛ ከብዙዎች በላይ እናውቃለን።

አሁን ውሁፓዎች ብረት አይነኩም። ሰው ወደ እነሱ አይለወጥም፣ እነሱም ወደ ሰው አይለወጡም። ዓይናቸው ማንንም አያሳምምም። ይህን ሁሉ አውጥቼ ሳየው ፍርሃቱ አልቀነሰም። እንዲያውም ጨመረ። የቀረው የራሳቸው ነውና።

9. የመጀመሪያውን ትዕይንት ድንበር ላይ ጻፉ

ሁሉን ካወቃችሁ በኋላ ማስረዳት ያምራችኋል። አታስረዱ። ከሠራችሁት አንድ አሥረኛው ገጽ ላይ ይውጣ፣ ሌላው ከሥር ሆኖ ይሸከመው። ትዕይንቱን ሁለቱ ሕዝቦች የሚነካኩበት ቦታ ላይ አድርጉት፤ በር፣ ገበያ፣ ምንጭ፣ ቀዳዳ። ከሁለቱም ወገን ኃይል የሌለውን ሰው ምረጡ። አለቆች ሲገናኙ ንግግር ይበዛል። ትንንሾቹ ሲገናኙ ግን አንዱ መወሰን አለበት።

የእኔ እንዲህ ይጀምራል።

ጾሙ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ልጁ የአጥንቱን ቅርጫት ይዞ ወደ ግንቡ ቀዳዳ ሄደ። ቅርጫቱ ባዶ ነው። ባዶም ቢሆን መወሰድ አለበት፣ ውሉ እንደዚያ ይላል። ጎንበስ ብሎ ሊያስቀምጥ ሲል ከማዶ ሳቅ ሰማ።

አንድ ብቻውን ነበር። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፣ ትከሻው ላይ አዲስ ንክሻ አለ። ከመንጋው ማንም አብሮት የለም። መሬቱ ላይ ውርጭ አለ፣ እሱም ውርጩ ላይ ነው የተኛው።

«አበበ» አለ በቀዳዳው በኩል፣ የልጁ እናት ማታ ማታ በምትጠራበት ድምፅ። ከዚያ እንደገና ሳቀ።

ልጁ ለመሮጥ ዞረ። አያቱ ስለዚህ ሳቅ የነገረችው ትዝ አለውና ቆመ። የለበሰውን ደበሎ አወለቀ። በብርዱ እየተንቀጠቀጠ በቀዳዳው ገፋውና ከማዶ፣ ውርጩ ላይ፣ አነጠፈው።